ምጣድ ይችላል ወይ? የጎንደር ቤት ሶላር በደብተር ሲሰላ

ጎንደር ውስጥ የሶላር ወሬ በተነሣ ቁጥር የሚቀድመው ጥያቄ አንድ ነው፤ «ምጣድ ይችላል?» ዋጋው፣ ዕድሜው፣ ዋስትናው የሚጠየቀው ከዚያ ወዲያ ነው። ማራኪ ሠፈር ያሉት ጎረቤቴም የጀመሩት ከዚሁ ነው። መብራት ከጠፋ ሁለተኛ ቀኑ ነበር፤ ሊጡ ኩፍ ብሎ ከቡሃቃው ሊፈስ ደርሷል።

«ልጄ፣ ፀሐይ ይህን ሁሉ ቆርቆሮ ስታግል ትውላለች፤ አንድ ምጣድ ያቅታታል?»

«አያቅታትም፣ እትዬ። ግን እስኪ መጀመሪያ ደብተር ያምጡ» አልኳቸው። የልጅ ልጃቸውን የሒሳብ ደብተር ይዘው መጡ፤ ከመጨረሻው ገጽ ጀመርን።

አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይስባል። ለአንድ ሰዓት ተኩል ከተጋገረበት ከ5 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይበላል። ቆጣሪያችን የሚቆጥረውም ይህንኑ ኪሎዋት ሰዓት ነው። የቀረው የቤቱ ዕቃ፣ አምፖሉም ቴሌቪዥኑም ፍሪጁም ስልኩም ተደምሮ፣ ሌሊትና ቀን የሚፈልገው ከዚህ ያንሳል። እንግዲህ ምጣዱን ሶላር ላይ መጫን ማለት በሳምንት ሁለቴ ለሚሠራ ሥራ ኢንቨርተሩንም (የባትሪውን ጉልበት ለቤት ዕቃ እንዲሆን የሚለውጠውን ሳጥን)፣ ባትሪውንም፣ ፓኔሉንም እጥፍ አድርጎ መግዛት ነው። ይቻላል። እኔ ግን አልመክርም። ምጣዱ የመብራት ኃይል መስመሩ ላይ ይቆይ፤ መስመሩ ሲጠፋ ማገዶ አለ። በራስ እጅ የሚዘረጋ ሶላር ለእኛ ከተማ ቤት የሚያዋጣው መስመሩን እንዲተካ ሳይሆን መስመሩ የሚጥለንን ሰዓት እንዲሸፍን ሲታሰብ ነው። በዚህ ከተስማማን ቀሪው ሒሳብ ይቀላል፤ ካልተስማማን ግን ሱቅ ገብቶ የሻጭን ቃል ከማመን ሌላ መንገድ የለም።

ግድቡ አልቆ መብራት ለምን ይጠፋል?

ይህን ጥያቄ ሳይመልሱ ሶላር ማቀድ አይቻልም፤ «ትንሽ ብጠብቅ ይስተካከል ይሆን?» የሚለው ሐሳብ የሁላችንም ነውና። የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል፤ የማመንጨት አቅሙ 5,150 ሜጋዋት ነው። ከእኛ ብዙም የማይርቀው የጣና በለስ ጣቢያ ደግሞ 460 ሜጋዋት አለው። ወደ ሱዳን ገዳሪፍ የሚዘልቀው 230 ኪሎቮልት መስመርም ቢሆን የሚያልፈው በጎንደር በኩል ነው። ይህን እያወቀ ሻማ የሚለኩስ ሰው ቢናደድ አይፈረድበትም።

ነገር ግን ማመንጨት አንድ ነገር ነው፤ ሠፈር ድረስ ማድረስ ሌላ። ትልቁ መስመር ከተማው ዳር ካለው ጣቢያ ይደርሳል። ከዚያ ወዲያ ያለው በየመንገዱ የሚሄደው 15 ኪሎቮልት ሽቦ፣ የእንጨቱ ምሰሶና የሠፈሩ ትራንስፎርመር ነው። ትራንስፎርመሩ ሲተከል ሠላሳ ቤት ይመግብ የነበረ ከሆነ ዛሬ ከሥሩ ያለው ቤት የትየለሌ ነው፤ በዚያ ላይ ሁሉም ምጣድ አለው። ማታ አንድ ሰዓት ላይ አምፖሉ የሚደበዝዘው ለዚህ ነው። ክረምት ሲገባ ደግሞ ነፋሱ የባሕር ዛፉን ቅርንጫፍ ሽቦው ላይ ይጥለዋል። የግድብ ማለቅ ይህን አይፈታውም። የሚፈታው ሽቦና ትራንስፎርመር በየሠፈሩ ሲቀየር ነው፤ ያ ደግሞ የዓመታት ሥራ ነው። ስለዚህ ዛሬ የሚያቅድ ሰው መቆራረጡ ለተወሰኑ ዓመታት አብሮት እንደሚኖር አድርጎ ቢያስብ አይሳሳትም።

የገንዘቡን ነገር ባጭሩ ልበል። በዓለም ገበያ የፓኔል ዋጋ በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. መካከል በግማሽ ገደማ ወርዷል፤ የቻይና ፋብሪካዎች ከሚፈለገው በላይ አምርተዋልና። እኛ ዘንድ ግን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀና 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከመቶ አለፈ። ዓለም የቀነሰልንን ምንዛሪው መልሶ ወሰደው። «የመብራት ሒሳብ ቆጥቤ ብሬን እመልሳለሁ» የሚለው ስሌትም አያስኬድም። ታሪፉ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ ነው፤ እሱ እውነት ነው። ነገር ግን አንዱን ኪሎዋት ሰዓት 6 ብር ብለን እንኳ ብንገምተው፣ በቀን 5 ኪሎዋት ሰዓት የሚቆጥብ ቤት በዓመት የሚያተርፈው 11 ሺህ ብር አይሞላም። ባትሪው ብቻ ባለ ስድስት አኃዝ ብር በሆነበት ገበያ ይህ ምንም አይደለም። ሶላር ዋጋውን የሚመልሰው መብራት ሲጠፋ ለሚከስር ሰው ነው፤ ለፀጉር ቤቱ፣ በኮምፒውተር ለሚያድረው ልጅ፣ ፍሪጁ ውስጥ ኢንሱሊን ላስቀመጠ ቤት።

ደብተሩ

እትዬ ቤት የጻፍነው ይህን ነው። 8 አምፖል፣ እያንዳንዱ 9 ዋት፣ ማታ 5 ሰዓት፦ 360 ዋት ሰዓት። ቴሌቪዥን 70 ዋት፣ 5 ሰዓት፦ 350። ፍሪጅ በቀን 1,000 (አሮጌ ከሆነ ከዚህም ይበልጣል)። የኢንተርኔት ሳጥኑ 10 ዋት ቢሆንም ሌት ተቀን ስለሚሠራ 240። የልጁ ላፕቶፕ 200። አራት ስልክ 60። ድምሩ 2,210 ዋት ሰዓት፣ ማለትም 2.2 ኪሎዋት ሰዓት ሆነ።

«ይኸው ነው?» አሉ እትዬ፤ ያነሰ መሰላቸው። አልነበረም። ብዙ ሰው የሚረሳው አንድ በላተኛ ይቀራል፤ ራሱ ኢንቨርተሩ። የባትሪውን ዲሲ (በአንድ አቅጣጫ የሚፈስሰውን) ወደ ቤት ኤሲ (እየተመላለሰ ወደሚፈስሰው) ሲለውጥ አሥር በመቶ ገደማ ያባክናል። ይህ ይታወቃል። የማይታወቀው፣ አንድ አምፖል ሳይበራ እንኳ ነቅቶ ለመጠበቅ ብቻ 40 ዋት ገደማ መብላቱ ነው፤ ትልልቆቹ ከዚያም በላይ ይበላሉ። 40 ዋት በ24 ሰዓት 960 ዋት ሰዓት ይሆናል፤ ፍሪጅ ያህል! «ለወደፊቱ ይሆነኛል» ብሎ ቤቱ የማይፈልገውን 8 ኪሎዋት ኢንቨርተር የሚገዛ ሰው በየሌሊቱ ለዚህ ይከፍላል። ለእትዬ ቤት ካውያ ጨምሮ 3 ኪሎዋት ይበቃል። ይህ ሁሉ ሲደመር የቀን ፍላጎታቸው 3.4 ኪሎዋት ሰዓት ደረሰ።

አሁን ወደ ፀሐይ እንምጣ። ሻጭ ሁሉ የሚያሰላው በጥር ፀሐይ ነው። በጥር ጎንደር ላይ ጠርቶ ሲውል በቀን 6 ሰዓት ያህል የሙሉ ፀሐይ ጉልበት ይገኛል፤ ነሐሴ ላይ ግን ወደ 4 ይወርዳል፣ ደመናው ሲከብድም ከዚያ በታች። በሙቀት፣ በአቧራና በገመድ የሚባክነውን ሩብ ያህል ቀንሱ። 1 ኪሎዋት ፓኔል በነሐሴ በቀን 3 ኪሎዋት ሰዓት፣ በጥር 4.5 ይሰጣል ማለት ነው። ዛሬ ገበያው የለመደው 550 ዋት ፓኔል ከሆነ፣ ሁለቱ በነሐሴ 3.3 ኪሎዋት ሰዓት ያመነጫሉ። ለእትዬ 3.4 ጥቂት ይጎድላቸዋል፤ ግን መስመሩም እኮ ጨርሶ አይጠፋም፣ ሲመጣ ይሞላል። ለብቻው የሚቆም ቤት፣ ለምሳሌ ከከተማ ወጣ ያለ፣ በዚህ አይኖርም፤ በእጥፍ ማሰብ አለበት።

ከፍታችን ይጠቅመናል። ፓኔል ሲሞቅ ይደክማል፤ ከ25 ዲግሪ በላይ በእያንዳንዱ ዲግሪ ከጉልበቱ 0.35 በመቶ ገደማ ያጣል። ተመሳሳይ ፓኔል ቆላው መተማ ላይ ከሚሰጠው ጎንደር ላይ የሚሰጠው የሚሻለው ለዚህ ነው። ከቆርቆሮው ላይ አሥርና አሥራ አምስት ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ከሥሩ ነፋስ ካለፈለት ደግሞ የበለጠ ደስ ይለዋል።

ስለ አቅጣጫ ሰው ከሚገባው በላይ ይጨነቃል። ጎንደር ከምድር ወገብ 12.6 ዲግሪ በስተሰሜን ናት፤ ስለዚህ ፀሐይ በዓመት ሁለቴ፣ ሚያዝያ 16 እና ነሐሴ 13 ገደማ፣ ቀጥ ብላ በአናታችን ላይ ትቆማለች። በነዚህ ሁለት ቀናት መካከል ደግሞ በቀትር የምትታየው ከሰሜን በኩል ነው። ለዚህ ነው እኛ ዘንድ ፓኔልን ገትሮ ማቆም ጥቅም የሌለው። ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ወደ ደቡብ ቢያዘም በቂ ነው፤ ከ10 በታች ከተኛ ዝናቡ አቧራውን አጥቦ አይወስድለትም። ጣሪያው ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ካዘመመም አያሳስብ፤ የሚጠፋው ጥቂት ነው። ደቡብን ለማግኘት ኮምፓስም አያሻም፤ በታኅሣሥ ቀትር ላይ ጥላችሁ የሚወድቅበት ሰሜን ነው። (የጎንደር ቀትር በሰዓት ሲታይ ከ6 ሰዓት ይልቅ ለ6 ተኩል ይቀርባል።)

የሚያስጨንቀው ጥላ ነው። የፓኔል ውስጡ እንደ ቦይ ውሃ ነው፤ አንድ ቦታ ድንጋይ ቢገባበት ወራጁ በሙሉ ይቀንሳል። የጎረቤት ባሕር ዛፍ፣ የውሃ ታንከር፣ የዲሽ ሳህን ጥላ አንዱን ጥግ ቢነካ ከፓኔሉ ጉልበት ሲሶውን ሊወስድ ይችላል። ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ቅዳሜ ጠዋት በ3 ሰዓት፣ በቀትርና በ10 ሰዓት ጣሪያው ላይ ውጡና ጥላው የት እንደሚያርፍ በጠመኔ አስምሩ። ጎረቤት ፎቅ እየጀመረ ከሆነም ስንት ፎቅ እንዳሰበ ቡና ላይ ጠይቁት።

ባትሪ

ሰው ባትሪ ላይ ሁለት ጊዜ ይከስራል፤ አንዴ ርካሹን ሲገዛ፣ አንዴ ደግሞ ሲቀይረው። የጭነት መኪና ባትሪ ሞተር ለማስነሣት የተሠራ ነው፤ ለጥቂት ሰኮንድ ብዙ ጉልበት ይሰጣል፣ ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያሉ ቢያስጎነጩት ግን ወራት አይቆይም። ጄል የሚባለው ለሶላር የሚሆን ነው፤ ሆኖም ዕድሜ እንዲኖረው ከግማሽ በታች ማውረድ አይገባም። 12 ቮልት 200 አምፒር ሰዓት ተብሎ የሚሸጠው በወረቀት 2.4 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ በተግባር 1.2። ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው ግን ከያዘው ሰማንያና ዘጠና በመቶውን ይሰጣል፤ ጄሉ በመቶዎች የሚቆጠር ጊዜ ተሞልቶ ሲዳከም እርሱ በሺዎች ይቆጥራል። አንድ 51.2 ቮልት 100 አምፒር ሰዓት ሊቲየም 5.1 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል፤ ክብደቱ 50 ኪሎ አይሞላም። ያንኑ ያህል ጥቅም ከጄል ለማግኘት እያንዳንዳቸው 60 ኪሎ የሚመዝኑ ሦስት አራት ባትሪዎች መደርደር ነው።

የእትዬ ቤት ከፀሐይ መጥለቅ እስከ ጠዋት የሚበላው፣ የኢንቨርተሩ ድርሻ ተጨምሮ፣ 2.3 ኪሎዋት ሰዓት ነው። 2.5 ኪሎዋት ሰዓቱ ባትሪ ለጥቂት አይበቃውም፤ የ5ቱ ግን ሌሊቱን አሳልፎ ለደመናማ ጠዋት ይተርፋል። አቅም ካነሰ ከፓኔል ቀንሱ እንጂ ከባትሪ አትቀንሱ። ፓኔል ነገ ይጨመራል፤ አሮጌ ባትሪ ላይ አዲስ ማከል ግን ጥሩ ጋብቻ አይደለም፣ ጄልና ሊቲየምን አንድ ላይ ማሰር ደግሞ ጭራሽ አይሞከርም።

ቮልቴጅ፣ ወይም የእኔ የከተራ ጠዋት

ከሦስት ዓመት በፊት ለራሴ ቤት ስዘረጋ ሁለት 550 ዋት ፓኔል በተከታታይ አሰርኩ፤ የአንዱ ቀይ ከሌላው ጥቁር። እንዲህ ሲታሰር ቮልቴጁ ይደመራል። የእያንዳንዱ ፓኔል ጀርባ ላይ ምንም ሳይጫንበት የሚሰጠው ቮልቴጅ 49.9 ተብሎ ተጽፏል፤ ሁለቱ 99.8። የገዛሁት ቻርጅ ኮንትሮለር፣ ከፓኔሉ ወደ ባትሪው የሚገባውን የሚቆጣጠረው ሳጥን፣ እስከ 100 ቮልት ይችላል ይላል። «ለጥቂት ገባልኝ» ብዬ ተደሰትኩ። ከኅዳር እስከ ታኅሣሥ መጨረሻ ያለ ሐሳብ ሠራ። የከተራ ዕለት፣ ቤቱ በጥምቀት እንግዳ ሞልቶ፣ ስልክ ሁሉ ሊሞላ ተደርድሮ፣ ፀሐይ ወጥታም ምንም የለም። ኮንትሮለሩን ስጠጋው የተቃጠለ ሽታ አለው።

ጥፋቱ የኔ ነበር። ያ 49.9 የተለካው በ25 ዲግሪ ነው። ፓኔል ሲቀዘቅዝ ቮልቴጁ ይጨምራል፤ በእያንዳንዱ ዲግሪ 0.27 በመቶ ገደማ። ጥር ጠዋት ጎንደር 8 ዲግሪ ስትሆን 99.8 የነበረው 104 ይሆናል። ኮንትሮለሩ ለዚያች 4 ቮልት ሞተ። ሙቀት ፓኔልን እንደሚጎዳ ሁሉም ይናገራል፤ ብርድ ኮንትሮለር እንደሚገድል ግን የነገረኝ አልነበረም።

ይህ ነገር የፓኔሉን ቁጥር ሳይቀር ይወስናል። ባለ 48 ቮልት ኢንቨርተሮች፣ ኮንትሮለሩ ውስጣቸው ያለ፣ ገበያ ላይ በብዛት በሁለት ዓይነት ይገኛሉ። አንዱ ፓኔሉን ከ120 እስከ 450 ቮልት ይፈልጋል፤ ሌላው ከ60 ጀምሮ እስከ 145 ድረስ። ሁለት ፓኔል ይዛችሁ የመጀመሪያውን ከገዛችሁ ሥራ ላይ የሚሰጡት 84 ቮልት ስለሆነ አይነቃም። ሦስት ቢሆኑ 125 ይደርሳሉ፤ ቀትር ላይ ሲግሉ ግን ከ120 በታች ይወርዱና ዕቃው ፀሐይ በከረረችበት ሰዓት ይተኛል። በሁለተኛው ዓይነት ደግሞ ሦስቱን በተከታታይ ብታስሩ ከ145 ታልፋላችሁ፤ የኔን ዕጣ ታገኛላችሁ። ስለዚህ «ሁለቱ ጥቂት ስለሚጎድላቸው ሦስት ይሁኑ» የሚለው የደብተሩ ሐሳብ እዚህ ላይ ይፈርሳል፤ ወይ ሁለት ነው ወይ አራት። ለእትዬ የመረጥነው ከ60 የሚጀምረውን ነው፤ አሁን ሁለት፣ እግዜር ሲል ሌላ ሁለት በትይዩ (ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር)።

ባትሪውን ለምን 48 ቮልት? (51.2 የሚለው ሊቲየምም የሚመደበው ከዚሁ ነው።) 2,000 ዋት በ12 ቮልት ለማውጣት 167 አምፒር መሄድ አለበት፤ ገመዱ አውራ ጣት ማከሉ ነው። በ48 ቮልት 42 አምፒር ይበቃል። ርካሽ የሆነውን፣ ፒ ደብልዩ ኤም የተባለውን ኮንትሮለር ደግሞ ከትልቅ ፓኔል ጋር አታጋቡት፤ 550 ዋቱን ፓኔል ወደ ባትሪው ቮልቴጅ ጎትቶ ያወርደዋል፣ በ12 ቮልት ባትሪ ላይ ከ170 ዋት ገደማ አታልፉም። የፓኔሉን ቮልቴጅ ሳያባክን ለባትሪው የሚለውጠው፣ ኤም ፒ ፒ ቲ የሚል ይፈለግ።

ሱቅ ስትሄዱ ሜትር ያዙ

ከቴስተር በፊት የምመክረው ሜትር ነው። የዛሬ ጥሩ ፓኔል ከአንድ ካሬ ሜትር 215 ዋት ገደማ ያወጣል፤ እውነተኛው 550 ዋት 2.28 በ1.13 ሜትር ነው፣ 2.6 ካሬ ሜትር ገደማ። አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ተኩል የሆነ ፓኔል ጀርባው ላይ 400 ዋት ተብሎ ቢለጠፍበት ያ ወረቀት ነው፣ ፓኔል አይደለም። ሻጩ ቢቆጣ ይቆጣ። ባትሪም በሚዛን ይታወቃል፤ 200 አምፒር ሰዓት የተባለ ጄል በአንድ እጅ ከተነሣ ውስጡ ምን እንዳለ እግዜር ይወቀው።

ጣሪያው ላይ፣ ግድግዳው ላይ

የቤታችን ጣሪያ ባሕር ዛፍ፣ ሞራሌና ቆርቆሮ ነው። አንድ ፓኔል 28 ኪሎ ይመዝናል፤ ሞራሌው ካልበሰበሰ ክብደቱ ችግር የለውም። ችግሩ ነፋሱ ነው፤ ፓኔሉን ከሥሩ ገብቶ እንደ ሸራ ያነሣዋል። ስለዚህ ብሎኑ ቆርቆሮውን ብቻ ሳይሆን ሞራሌውን ይዞ ይግባ። ቆርቆሮው የሚበሳው በሸንተረሩ ላይ ነው፣ ውሃ በሚወርድበት ቦይ ላይ አይደለም፤ ከጎማ ጋር። ይህን ሥራ ማንም እጁ የቀና ሰው ይሠራዋል። ብቻውን ግን አይውጣ፤ ነፋስ ባለበት ከሰዓት በኋላም አይውጣ።

ፓኔል ማጥፊያ የለውም፤ ፀሐይ እስካለች ገመዱ ጫፍ ላይ እሳት አለ። ገመድ ስታገናኙ ፓኔሉን በብርድ ልብስ ሸፍኑት። ሲያያዝ ባትሪው ከኮንትሮለሩ ጋር ይቀድማል፣ ፓኔሉ ይከተላል፤ ሲፈታ በተቃራኒው።

ብሬከር ላይ ብር አትቆጥቡ። የቤት ኤሲ በሰኮንድ 100 ጊዜ ዜሮን እየነካ ስለሚመላለስ ብሬከር ሲከፈት ብልጭታው ራሱ ይጠፋል። የፓኔልና የባትሪ ዲሲ ግን ያለ ዕረፍት ይፈስሳል፤ ብልጭታው ተያይዞ ይቀራል። ብየዳ ቤት በር ላይ ቆሞ ያየ ሰው ይህ ምን እንደሚመስል ያውቃል። ዲሲ ተብሎ የተጻፈበት ብሬከር ግዙ፤ አንዳንዱ ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ የሚገባበት የተለየ ነው፣ ምልክቱን እዩ። ከባትሪው ፖዘቲቭ አንድ ስንዝር ሳይርቅ ፊውዝ ይግባ፤ ለ3 ኪሎዋት በ48 ቮልት 100 አምፒር ፊውዝና 25 ካሬ ሚሊሜትር መዳብ ገመድ ይስማማሉ። ባትሪው መኝታ ቤት አይደር፣ ምድጃ አጠገብም አይቀመጥ።

ኤርዝ፣ ማለትም ያመለጠን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚያስገባው ዘንግ፣ የጎንደር ራስ ምታት ነው። አለታችን ባዛልት ነው፤ ዘንጉን በመዶሻ ስትመቱት ግማሽ ሜትር ላይ ይቆማል። የቀና ቦታ እስኪገኝ ፈልጉ፣ ካልሆነም ቦይ ቆፍራችሁ መዳቡን አግድም ቅበሩት፤ ውሃ የሚጠጣ የአትክልት ቦታ ከሆነ መልካም። የፓኔሉ ፍሬም፣ ኢንቨርተሩና ባትሪው በሙሉ ከእርሱ ይያያዙ። የሰኔ መብረቅ ከሽቦው ዘሎ ወደ ቤት እንዳይገባ መከላከያውን በፓኔሉም በመስመሩም በኩል አስገቡ።

በራስ እጅ የሚለው ቃል የሚያበቃው ከቆጣሪው ቦርድ ላይ ነው። እዚያ ፈቃድ ያለው ኤሌክትሪሺያን ይግባ። ምክንያቱ አንድ ነው፤ ቤታችሁ በባትሪ በርቶ ሳለ ጉልበቱ ወደ መስመሩ ከወጣ፣ ትራንስፎርመሩ ሠፈር ውስጥ ያወረደውን ቮልቴጅ ወደ ላይ መልሶ 15 ሺህ ያደርገዋል። መስመሩ ጠፍቷል ብሎ ምሰሶ ላይ የወጣው ልጅ ይሞታል። ኢንቨርተሩ መስመር ሲጠፋ ራሱን የሚለይ መሆን አለበት፤ ቤቱም ሁለት ቦርድ ይኑረው፣ አንዱ ለምጣድና ለውሃ ማሞቂያ ከመስመሩ ብቻ፣ ሌላው በኢንቨርተሩ በኩል። የሶኬት ገመድ ሁለቱን ጫፍ ወንድ አድርጎ ቤቱን «መመገብ» የሚያውቁ ሰዎች አሉ፤ ከነርሱ ራቁ።

ተከራይ ለሆነ ሰው ጣሪያ የአከራይ ነው፣ ቆርቆሮም አይበሳም። ለእርሱ 25.6 ቮልት ትንሽ ሊቲየም ከመስመሩ የሚሞላ፣ መብራት ሲጠፋ አምፖልና ኢንተርኔት የሚይዝ ይበቃዋል፤ ቤት ሲቀይር ይዞት ይሄዳል። ፓኔሉ ይቆየው።

እትዬ ቤት ሥራው ካለቀ በኋላ ኢንቨርተሩን ባትሪውን ከግማሽ በታች እንዳያወርድ አስተካከልነው፤ መብራት ካለ መስመሩ ያብላ፣ ከጠፋ ብቻ ቀሪው ግማሽ ይውጣ። በወሩ ተመልሼ ብሎኖቹን በቴስተርና በመዳፍ ፈተሽኩ፤ የላላ ብሎን ይሞቃል። አንዱ ሞቆ አገኘሁት፣ አጠበቅሁት። እትዬ ቡናውን እያቀረቡ ደብተሩን አወጡ። ምጣድ የሚለው መስመር ላይ እኔ የጫርኩት ሰረዝ አሁንም አለ፤ ከሥሩ በእርሳስ ሌላ ተጨምሯል።

«ሽሮ ማብሰያዋስ?» አሉኝ፤ «እሷ አንድ ኪሎዋት ብቻ ናት።»

«ስንት ደቂቃ?»

«ሃያ።»

0.33 ብዬ ጻፍኩ። ትገባለች።